አሸናፊ ከበደ፦ በቡዳፔስት ኦርኬስትራ የመሩት ኢትዮጵያዊ እና ሁለቱ ጃፓናውያን ዘመነኞቻቸው

በ1967 ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ በሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ፊት ቆመው በትራቸውን አነሡ። ኦርኬስትራው ያን ጊዜ ከተጫወታቸው ሥራዎች መካከል «ሰላም ለኢትዮጵያ» የሚል ትርጉም ያለው ድርሰት ይገኝበታል። ደራሲውም መሪውም አሸናፊ ከበደ ነበሩ።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ የዚያው ኦርኬስትራ ዋና መሪነት ለአንድ ጃፓናዊ ተሰጠ። ኬኒቺሮ ኮባያሺ ይባላሉ። እስከ 1997 ድረስ ለአሥር ዓመታት መሩት። በዚያ ጊዜ አሸናፊ በአሜሪካ ፍሎሪዳ በዩኒቨርሲቲ መምህርነትና በምርምር ሥራ ላይ ነበሩ።

ሁለቱ ሰዎች በሁለት ዓመት ልዩነት የተወለዱ፣ ከአውሮፓ ርቀው በሚገኙ አገሮች ያደጉ፣ ወደ አንድ መድረክ የደረሱ ናቸው። መንገዳቸው ግን ተለያየ። የአሸናፊን ሕይወት ከጃፓናውያን የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር አስተያይቶ ማየት፣ አንድን የኦርኬስትራ መሪ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ የሚያደርሰውና እዚያ የሚያቆየው ምን እንደሆነ ለመረዳት ያግዛል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሸናፊ ከበደ ማን ነበሩ?

አሸናፊ ከበደ በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። የጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው ዝነኛው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን በማቋቋም ሥራ ተሠማሩ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። ይህ ተቋም በኋላ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የዜማ ሊቅ በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰየመ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እርሱ ነው።

አሸናፊ የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ መምህርና ተመራማሪ ነበሩ። ከኦርኬስትራ ድርሰቶቻቸው መካከል ከ«ሰላም ለኢትዮጵያ» ሌላ በስፋት የሚታወቀው ስለ አንድ ዋሽንት ነፊ እረኛ የደረሱት ሥራ ነው። የገጠሩን የዋሽንት ዜማ ከአውሮፓ የአውታር መሣሪያዎች ድምፅ ጋር ያገናኘ ድርሰት ነው።

የኦርኬስትራ መሪ ምን ይሠራል?

ሙሉ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከሰባ እስከ መቶ የሚደርሱ ተጫዋቾች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊቱ የተዘረጋለት የራሱ ድርሻ ብቻ ነው። የሁሉም ድርሻ በአንድ ላይ የተጻፈበት ሙሉ ኖታ በመሪው እጅ ነው። መሪው ፍጥነቱን ይወስናል፣ መግቢያውን ያመለክታል፣ የድምፁን ጉልበትና ልስላሴ ይመጥናል። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ተመልካች በሌለበት የልምምድ ሰዓት ነው። ምሽት ላይ መድረክ የሚታየው የዚያ ድካም ውጤት ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት መሪጌታው ዜማውን ያነሣል፤ ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ በየወገናቸው ያሉትን ሊቃውንት ይመራሉ። መቋሚያው በአንድነት ይነሣል፣ በአንድነት ይወርዳል፤ ከበሮውና ጸናጽሉም ሥርዓቱን ይከተላል። ዜማው በድጓ ላይ ምልክት አለው። ልዩነቱ ሊቃውንቱ ዜማውን ለዓመታት በቃል አጥንተው የሚይዙት መሆኑ ነው። የሲምፎኒ ተጫዋች ደግሞ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ድርሰት ከወረቀት አንብቦ በጥቂት ቀናት ልምምድ ለሕዝብ ያቀርባል።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የኦርኬስትራ መሪ ያለ ኦርኬስትራ ሙያውን ሊሠራ አይችልም። ክራር ተጫዋች ክራሩን ይዞ ይሰደዳል፤ ጸሐፊም ብዕሩን። የመሪው መሣሪያ ግን ሰዎች ናቸው፤ ለሰዎቹም ደመወዝ፣ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍትና ተተኪ የሚያፈራ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል።

ለምን ሃንጋሪ?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁለት የሃንጋሪ የሙዚቃ ሊቃውንት፣ ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ፣ የድምፅ መቅጃ ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። የገበሬውንና የእረኛውን ዘፈን በሺዎች ሰበሰቡ። ካገኟቸው ነገሮች ትልቁ፣ ጥንታዊው የሃንጋሪ ዘፈን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ መሆኑ ነበር።

ኮዳይ ከዚህ ተነሥተው ሁለት ሥራ ሠሩ። አንደኛው የገጠሩን ዜማ ለኦርኬስትራና ለመዘምራን ድርሰታቸው መሠረት ማድረግ ነበር። ሁለተኛው ሕፃናት ሙዚቃን በቅድሚያ በራሳቸው ድምፅ፣ በእናታቸው ቋንቋ ዘፈን እንዲማሩ የሚያደርግ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ዘዴው ዛሬም በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች በስማቸው ይጠራል።

አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የቤት ድምፅ ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሁሉም በአምስት ድምፅ የሚዋቀሩ ናቸው። ለአገሩ ዜማ የኦርኬስትራ ልብስ ሊያለብስ ለፈለገ ወጣት ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ ሃንጋሪ ከቪየና ወይም ከፓሪስ ይልቅ ቅርብ ምሳሌ ነበረች። አሸናፊም «ጥቁሩ ኮዳይ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። ኮዳይ ራሳቸው ያረፉት በመጋቢት 1967፣ አሸናፊ በዚያች አገር ኦርኬስትራ በመሩበት ዓመት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በኒው ዮርክ

እንደ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1967 አንድ ጃፓናዊ የኦርኬስትራ መሪም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መድረክ ላይ ወጥተው ነበር። ሴይጂ ኦዛዋ የ32 ዓመት ሰው ነበሩ። በኅዳር ወር የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክን እየመሩ የአገራቸውን ሰው የቶሩ ታኬሚትሱን አዲስ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ አሰሙ። በድርሰቱ ውስጥ ቢዋ የተባለው የጃፓን የክር መሣሪያና ሻኩሃቺ የተባለው የቀርከሃ ዋሽንት ከምዕራባውያኑ ኦርኬስትራ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

አንዱ በቡዳፔስት፣ ሌላው በኒው ዮርክ፤ ሁለቱም የአገራቸውን ድምፅ ወደ ሲምፎኒ አዳራሽ ይዘው ገቡ።

ኦዛዋ የተወለዱት በ1935 በቻይና፣ ዛሬ ሼንያንግ በምትባለው ከተማ ነው። በወጣትነታቸው ፒያኖ ተጫዋች የመሆን ሐሳብ ነበራቸው፤ ራግቢ ሲጫወቱ ጣታቸው በመጎዳቱ ፊታቸውን ወደ መሪነት አዞሩ። በቶኪዮ በቶሆ ትምህርት ቤት ከሂዴዎ ሳይቶ ዘንድ ተማሩ። በ1959 በጭነት መርከብ ተሳፍረው ወደ ፈረንሳይ ሄዱና በቤዛንሶን ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የወጣት መሪዎች ውድድር አንደኛ ወጡ። ከዚያ በሄርበርት ፎን ካራያን ዘንድ ተማሩ፤ በኒው ዮርክ ደግሞ የሌናርድ በርንስታይን ረዳት ሆኑ።

መንገዱ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1962 የጃፓን ብሔራዊ ብሮድካስት ኦርኬስትራ ተጫዋቾች ከወጣቱ መሪ ጋር ተጋጭተው አብረን አንሠራም አሉ። ኦዛዋም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አሜሪካ መለሱ። ቶሮንቶን፣ ከዚያም ሳን ፍራንሲስኮን መሩ። ከ1973 እስከ 2002 ድረስ ለ29 ዓመታት የቦስተን ሲምፎኒ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኑ። ከ2002 እስከ 2010 የቪየና መንግሥት ኦፔራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበሩ። በየካቲት 2024 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

በአሸናፊ ፈለግ የቆሙት ጃፓናዊ

ኬኒቺሮ ኮባያሺ በ1940 በፉኩሺማ ግዛት፣ ኢዋኪ ውስጥ ተወለዱ። በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድርሰትንና የኦርኬስትራ አመራርን ተማሩ። ዕድላቸው የተከፈተው በ1974 የሃንጋሪ ቴሌቪዥን ባዘጋጀው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የመሪዎች ውድድር አንደኛ ሲወጡ ነው። ውድድሩ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ስለነበር ስማቸው በሃንጋሪ ቤቶች ሁሉ ገባ።

የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራን ለረጅም ዓመታት የመሩት ያኖሽ ፈረንቺክ በ1984 ካረፉ በኋላ ኮባያሺ በ1987 ኃላፊነቱን ተረከቡ። በ2002 ደግሞ የቼክ ፊልሃርሞኒክን መርተው የፕራግ የጸደይ የሙዚቃ ፌስቲቫልን ከፈቱ። ፌስቲቫሉ በቼኩ ደራሲ በስሜታና «አገሬ» መከፈቱ የቆየ ልማድ ነው። ለቼኮች እንደ ብሔራዊ ቅርስ የሚቆጠረውን ይህን ሥራ በዚያ መክፈቻ ምሽት ለመምራት ኮባያሺ የመጀመሪያው እስያዊ ናቸው።

የኮባያሺ ታሪክ ሁለት ነገር ያሳያል። የመጀመሪያው፣ ለአንድ ባዕድ ወጣት በር የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ዓለም አቀፍ ውድድር መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ በሩ ሲከፈት ለመግባት የተዘጋጀ ሰው ከኋላው አገር ውስጥ የተማረበት ተቋም እንዳለው ነው።

አምባሰልና ኮቶ

የጃፓንና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተቀራራቢነት ለብዙ አድማጭ ግልጽ ነው። በድምፅ ርቀት ሲለካ አምባሰል ቅኝት ጃፓኖች ሚያኮ-ቡሺ ከሚሉት ቅኝት ጋር አንድ ዓይነት አወቃቀር አለው። በአነስተኛው ትዝታ የሚዘፈን ዜማም በጃፓን ዘመናዊ ዘፈኖች ዘንድ ከሚዘወተር አንድ ቅኝት ጋር ይገጥማል። ይህ ማለት አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም። አምስት ድምፅ ከሚጠቀሙ ባህሎች መካከል የተወሰኑ አወቃቀሮች መደጋገማቸው የሚጠበቅ ነው። የአዝማሪው ማሲንቆ የሚያወጣቸው ድምፆችም ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሆኑም።

አሸናፊ ይህን ቅርበት በድርሰታቸው ሞክረውታል። «ኮቱራሲያ» በተባለው ሥራቸው ኮቶ የተባለውን ባለ 13 ክር የጃፓን መሣሪያ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር አጣምረዋል። ባለ አሥር አውታሩን በገና ለሚያውቅ ሰው የኮቶ ድምፅ ሩቅ አይመስለውም።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ከጃፓን ጋር መወዳደር ለኢትዮጵያ ምሁራን አዲስ ነገር አይደለም። የ1931 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተቀረጸው የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት ተመልክቶ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ጃፓን የተጓዙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ስለዚያች አገር መጽሐፍ ጽፈው አሳትመዋል።

በሙዚቃ ረገድ ግን የጊዜው ርቀት ሰፊ ነበር። ጃፓን የምዕራባውያንን ሙዚቃ በትምህርት ሥርዓቷ ውስጥ ለማስገባት በመንግሥት ደረጃ የጥናት ተቋም ያቋቋመችው በ1879 ነው። በ1887 የቶኪዮ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኦዛዋ በ1959 ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከኋላቸው የሰማንያ ዓመት ዝግጅት ነበር። አሸናፊ በ1960ዎቹ ሲሠሩ የነበረው ግን ያንኑ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ማቋቋም ነው። ኦዛዋ በተከሉት ዛፍ ላይ ወጡ፤ አሸናፊ መጀመሪያ ችግኙን መትከል ነበረባቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኖታ ሙዚቃ የገባው በዋናነት በወታደር ሙዚቃ ጓድ በኩል ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች መጡ። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» በመባል የታወቁት እነዚህ ወጣቶች መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እርሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በሌሎች ተቋማት ለረጅም ዓመታት አስተማሩ፣ ሙዚቃ አቀናበሩ።

የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ከዚህ መሠረት ላይ አደጉ። በሕዝብ አነጋገር «ኦርኬስትራ» የሚለው ቃል ከሲምፎኒ ይልቅ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚያሰሙ የእነዚህ ባንዶች መጠሪያ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ባንዶቹ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ዘፈን ወርቃማ ዘመን ወለዱ። ቫዮሊኑን፣ ቼሎውንና ኦቦውን በብዛት የሚያፈራ ሥርዓት ግን አልነበረም።

ሌላም መንገድ ተሞክሮ ነበር። በ1963 ግብፃዊው ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ቡድኑን በኋላ የመሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው። በ1969 አሜሪካ ድረስ ተጉዞ ሥራውን አቅርቧል። ይህ ሙከራ የኢትዮጵያን ዜማ ወደ አውሮፓ ኦርኬስትራ ከመውሰድ ይልቅ የኦርኬስትራን ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያዎች አመጣ።

ከመሪነት ወደ ምርምር

አሸናፊ በ1960ዎቹ ማብቂያ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1971 ደግሞ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ላይ በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1974 አብዮት ፈነዳ። የኖሩትና የሠሩት በአሜሪካ ሆነ።

መምራት ያለ ኦርኬስትራ አይሆንም፤ መጻፍ ግን ይቻላል። አሸናፊ ስለ አዝማሪዎች፣ ስለ ክራር፣ ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አካሄድ በዓለም አቀፍ የምርምር መጽሔቶች ጻፉ። አዝማሪውን እንደ ተራ አጫዋች ሳይሆን እንደ ገጣሚና ሙዚቀኛ አቅርበው ለዓለም አስተዋወቁ። በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ የቤተ እስራኤልንና የክርስቲያኖችን የጸሎት ዜማ ጎን ለጎን አጠኑ። በ1982 የወጣው መጽሐፋቸው የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን የድምፅ፣ የመሣሪያና የውዝዋዜ ቅርስ በአንድነት የሚመረምር ነው።

በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው፣ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን እየመሩ ቆዩ። በ1998 በ60 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ሕይወት የጎደለው ብቻ ተቆጥሮ የሚለካ አይደለም። ኦዛዋ ለቦስተን፣ ኮባያሺ ለሃንጋሪ ብዙ ሰጥተዋል። አሸናፊ የሰጡት ትምህርት ቤት ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲህ በርካታ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች፣ አቀናባሪዎችና መምህራን የወጡበት ቤት ሆኗል። ይሁንና የኦርኬስትራ ድርሰቶቻቸው በአገራቸው ሙሉ ኦርኬስትራ በየጊዜው እንዲሰሙ የሚያደርግ ዕድል አለማግኘታቸው እውነተኛ ኪሳራ ነው። የሲምፎኒ ድርሰት በኖታ ብቻ ሲቀመጥ እንዳልበራ ሻማ ነው፤ የሚያበራው ተጫዋች ይፈልጋል።

ዛሬስ በቀጣናው?

ጥያቄው የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በኬንያ ከናይሮቢ ኮሮጎቾ ሰፈር «ጌቶ ክላሲክስ» የተባለው ፕሮግራም ከ2008 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን ያስተምራል። መነሻው መሪ መፈለግ አይደለም፤ ቫዮሊን የሚይዙ፣ ኖታ የሚያነቡ ልጆችን ማብዛት ነው። የጃፓን ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። መሪ የሚወጣው ተጫዋቾች ከበዙበት ነው።

ርቀቱም ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የምትገኘው ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ወደ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በገበያዋ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ፣ የአማርኛና የስዋሂሊ ዘፈን ጎን ለጎን ይሰማል፤ ለሙዚቃ አጥኚ ሀብት የሆነች ከተማ ናት። እዚያ ያደገ ልጅ ኖታ በከፍተኛ ደረጃ መማር ቢፈልግ ግን ወይ ወደ ሰሜን ወደ ያሬድ፣ ወይ ወደ ደቡብ ወደ ናይሮቢ መጓዝ አለበት።

ኮዳይ ለዚህ መልስ አድርገው ያቀረቡት ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። የመጀመሪያው መሣሪያ የልጁ ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያው ኖታም እናቱ የምታንጎራጉረው ዜማ። አሸናፊ ከበደም የእረኛውን ዋሽንት ወደ ቡዳፔስት መድረክ ሲወስዱ የተነሡት ከዚሁ ቦታ ነበር። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይም ሞያሌ የሚወለድ ቀጣዩ መሪ በአገሩ የሚጠብቀው ኦርኬስትራ ይኖረው ወይስ እንደ እርሳቸው መጀመሪያ ትምህርት ቤት መሥራት ይኖርበት የሚለው፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለሙዚቃ ክፍለ ጊዜ በሚሰጠው ቦታ የሚወሰን ነው።